ብስክሌት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ እነዚህን ስህተቶች እወቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ለመዝናናት ብስክሌት የሚነዳ ሰው እየበዛ ነው። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም አለ። ታዲያ ገዝቶ ጥቂት ሳምንት ነድቶ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ አቁሞ ልብስ የሚያሰጣበትም አይጠፋም። ሰውዬው ሰነፍ ሆኖ አይመስለኝም። ብስክሌቱና መንገዱ ስላልተገናኙ ነው።

የት እንደሚነዱ ሳይወስኑ ሱቅ መግባት

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው። ማርሽ የሌለው ተራ ብስክሌት እንኳ ሐይቅ ዳር ያንሸራሽራል። አዲስ አበባ ግን ዳገት ናት። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም መድረስ ማለት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ነው፤ ያውም በሳሳ አየር።

ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱን አይቶ የእሽቅድድም ብስክሌት ቢያምራችሁ አይገርምም። ጥሩ አስፋልት ካገኘ ይበርራል። ጎማው ግን ቀጭን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 28 ሚሊሜትር። ኮብልስቶን ላይ እጅና ወገብ ያንቀጠቅጣል። የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ላይ ደግሞ ጎማው ከገባ ወድቃችሁ ነው የምትነሱት።

ማውንቴን ባይክ የሚባለው ለእንጦጦ ጫካና ለፒስታ መንገድ ነው። ውሎው አስፋልት ላይ ብቻ ከሆነ ያ ጥርሳም ወፍራም ጎማ በከንቱ ያደክማል። ለጀማሪ የኔ ምርጫ ሃይብሪድ የሚባለው፣ የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ጎማው ከ38 እስከ 45 ሚሊሜትር የሆነ። አስፋልቱንም ኮብልስቶኑንም ይችላል።

በማርሽ ብዛት መታለል

ሻጩ "ባለ 21 ነው" ይላል፤ ገዢው ደስ ይለዋል። 21 ማለት ፊት ሦስት፣ ኋላ ሰባት ክብ አለው፣ ሲባዛ 21 ማለት ነው። ዳገት ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለውን ግን አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ የጥርሱ ቁጥር ነው። የፊቱን ትንሹን ክብና የኋላውን ትልቁን ክብ ጥርስ ቁጠሩ። ፊት 28፣ ኋላ 34 ከሆነ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ የኋላው ጎማ ሙሉ ዙር እንኳ አይዞርም። ዳገት ላይ ነፍስ የሚዘራው ይሄ ነው። ፊት 42፣ ኋላ 14 ላይ ስታደርጉት ደግሞ በአንድ የፔዳል ዙር ጎማው ሦስቴ ይዞራል። ያ ለሜዳና ለቁልቁለት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጥርስ መቁጠር ነውር የለውም። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። መሃል ላይ ደርሶ፣ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበት እየረገጡ መቀየር ካቴና ያወልቃል።

የጎማውን ቁጥር እንደ ልክ መውሰድ

ገበያ ላይ የሚጠየቀው "26 ነው 29?" ተብሎ ነው። ይህ የጎማው ዲያሜትር፣ ማለትም የክቡ ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በኢንች ነው እንጂ የእናንተ ልክ አይደለም። ልካችሁ ያለው ፍሬሙ ላይ ነው። የላይኛውን ብረት በእግሮቻችሁ መሃል አድርጋችሁ፣ በሁለት እግር መሬት ረግጣችሁ ከኮርቻው ፊት ቁሙ። በላይኛው ብረትና በእናንተ መሃል ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ይተልቅባችኋል። መሪውን ስትይዙ ክንዳችሁ ድርቅ ብሎ ከተዘረጋም እንደዚያው።

ከዚያ ኮርቻውን አስተካክሉ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱ። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ስትነዱ በጣት በኩል ስለምትረግጡ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፤ ትክክሉም እሱ ነው። ብዙ ጀማሪ እግሩ መሬት እንዲደርስለት ኮርቻውን ዝቅ ያደርግና ጉልበቴን አመመኝ ይላል።

አሞርዛተር ስላለው ብቻ መግዛት

ፊት ለፊት አሞርዛተር ያለው ርካሽ ብስክሌት ያምራል። ግን የርካሹ አሞርዛተር፣ አሞርዛተር ከሌለው ደረቅ ሹካ (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ብረት) ከአንድ ኪሎ በላይ ሊከብድ ይችላል። ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ ደግሞ እሱ ወደ ታች እየሰመጠ ጉልበታችሁን ይበላል። በዚያው ዋጋ አሞርዛተር የሌለው፣ ፍሬኑና ማርሹ የተሻለ ይገኛል።

ወፍራም ስፖንጅ ያለው ኮርቻም እንዲሁ ነው። ሱቅ ውስጥ ይመቻል፤ አንድ ሰዓት ሲነዳ ግን ይሰምጥና ብሽሽት ይፈጫል። ጠንከር ያለ ኮርቻና ውስጡ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ይሻላል።

ብሩን ሁሉ ብስክሌቱ ላይ መጨረስ

ሄልሜት፣ ጠንካራ ቁልፍ፣ ፓምፕ፣ የፊትና የኋላ መብራት። እነዚህ ከበጀቱ አስቀድመው ይቀነሱ። ፓምፕ ያለው ሰው ጎሚስታ ፍለጋ አይዞርም። ስንት ንፋስ እንደሚይዝ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ያገለገለ ሲገዙ ቀለሙን ብቻ ማየት

ጎማዎቹን ከመሬት አንሱና አዙሩ። ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ተጣሟል። ፍሬሙ የተበየደበትን መገጣጠሚያ ሁሉ ስንጥቅ እንዳለው እዩ። ፍሬኑን ጨብጡ፤ እጀታው መሪው ድረስ ከመጣ ገመዱ ላልቷል ወይም የፍሬን ጎማው አልቋል። የፊትና የኋላው ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነም አረጋግጡ። ለእንግሊዝና ለጃፓን ገበያ የተሠሩት አብዛኞቹ የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፤ በብዙ ሌላ አገር ግን በግራ ነው። ይህን ከእንጦጦ ስትወርዱ ሳይሆን ገንዘቡን ሳትከፍሉ እወቁት።