ከዓመታት በፊት ያዩትን የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ እንደገና እንዴት መመልከት ይገባል?

አንድን የድሮ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ክፍል ከብዙ ዓመታት በኋላ መልሶ የሚመለከት ሰው ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይጠብቁታል፤ እነርሱም ድራማው ራሱ፣ አሁን እጁ የገባው ቅጂ እና በመካከሉ ዕድሜው የገፋው ተመልካች ናቸው። «እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ ከመፍረድ በፊት ለውጡ ከሦስቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። ለማሳያነት የመረጥሁት ስታር ትሬክ ከተባለው ተከታታይ ድራማ «ዘ ሲቲ ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ፎርኤቨር» የሚለውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው መጋቢት 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የጠፈር መርከቧ ሐኪም ማኮይ አእምሮው ታውኮ በጊዜ በር ዘልቆ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ታሪክም ይለወጣል። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ከርክ እና ረዳቱ ስፖክ ተከትለውት እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ ይደርሳሉ፤ በዚያም ድሆችን የምታበላ ኤዲት ኪለር የተባለች ሴት ያገኛሉ፤ ከርክ ይወዳታል፤ ታሪክ ወደ ቦታው እንዲመለስ ግን እርሷ በመኪና አደጋ መሞት አለባት።

የመጀመሪያው ሥራ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት የሚሠራ ነው። ከክፍሉ የሚያስታውሱትን ሁሉ፣ የሚጠራጠሩበትንም ጭምር፣ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ አይተው እስኪጨርሱም ወረቀቱን አይመልከቱት። ይህን የምመክረው ብዙዎቻችን የልጅነት ድራማዎቻችንን ገሚሱን በዓይናችን አይተን፣ ገሚሱን ደግሞ ካየ ጓደኛ አፍ ሰምተን ስለሆነ ነው፤ የሰማነውና ያየነው ከዓመታት በኋላ አንድ ሆነው ይቀመጣሉ። በዚህ ክፍል ትዝታን የሚፈትነው ዋና ጥያቄ ኤዲትን ለማዳን የተወረወረውን ሐኪም ይዞ ያስቀረው ማን ነው የሚለው ነው። በተላለፈው ድራማ የያዘው ከርክ ራሱ ነው። ደራሲው ሃርላን ኤሊሰን መጀመሪያ በጻፈው ድርሰት ግን ከርክ መጨከን ያቅተዋል፤ ማዳኑን የሚከለክለው ስፖክ ነው። ድርሰቱ ከመቀረጹ በፊት በሌሎች እጅ ብዙ ተለውጧል፤ ኤሊሰንም የራሱን ቅጂ ኋላ በመጽሐፍ አሳትሞታል። አንደኛው ፍጻሜ ከርክን ግዴታ ከፍቅር የሚበልጥበት ሰው ያደርገዋል፣ ሌላኛው ደግሞ ፍቅር ከግዴታ የሚበልጥበት። ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ ያሰፈሩት መልስ በልብዎ የኖረው የትኛው ከርክ እንደሆነ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ ቅጂውን ይመርምሩ። ክፍሉ ሙሉ ሲሆን ወደ 50 ደቂቃ ይጠጋል፤ በድጋሚ ሥርጭት ጊዜ ግን ለማስታወቂያ ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ደቂቃዎች ይቆረጡ ነበር። ስለዚህ ከፍላሽ ላይ ያገኙት ፋይል ርዝመቱ ከ45 ደቂቃ ካነሰ የተቆረጠ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ «ይህን ትዕይንት አላስታውሰውም» ያሉትም ምናልባት ፈጽሞ ያላዩት ይሆናል። ከዚህም ሌላ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድራማው እንደገና ሲታደስ የመርከቧና የፕላኔቶቹ የውጭ ምስሎች በኮምፒውተር በተሠሩ አዳዲስ ምስሎች ተተክተዋል። በብሉሬይ ዲስክ እትሙ የድሮውም አዲሱም ስለቀረቡ መምረጥ ይቻላል፤ በእኔ እምነት ትዝታን ለመመርመር የተነሣ ሰው የድሮውን መምረጥ አለበት። በዚህ ክፍል ታሪኩ በአብዛኛው በኒውዮርክ ጎዳናዎች ስለሚካሄድ የምስሉ ለውጥ ጥቂት ነው። ከዚያ ይልቅ ጆሮን ማቅናት ይሻላል፤ ከርክ እና ኤዲት አብረው በሚሆኑበት ትዕይንት ይሰማ የነበረው የዘመኑ የዳንስ ዘፈን በአንዳንድ የቀድሞ የቪዲዮ እትሞች በሌላ ሙዚቃ ተተክቶ ነበር።

የቴሌቪዥኑ ማስተካከያም ችላ የሚባል አይደለም። ድራማው የተሠራው 4 ለ 3 ለሆነ ስክሪን ስለሆነ ሰፊው ስክሪን ምስሉን ለጥጦ ፊቶችን እንዳያሰፋ በሪሞቱ ወደ 4 ለ 3 ይመልሱት፤ በግራና በቀኝ የሚቀረውን ጥቁር ክፍት ቦታ ይታገሡት። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ደግሞ ያጥፉት፤ በፊልም የተቀረጸውን ሁሉ የዜና ስቱዲዮ ያስመስለዋል።

ቋንቋን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ ድራማዎችን በዲሽ በአረብኛ የግርጌ ጽሑፍ እየተመለከቱ ያደጉ ብዙዎች ንግግሩን በሙሉ ሳይሆን ፊትን፣ ድምፅንና ሙዚቃን ነበር የሚከታተሉት። ዛሬ እንግሊዝኛው ሲገባቸው ድራማው ንግግር የበዛበት መስሎ ይታያቸዋል። የተለወጠው ድራማው ሳይሆን የተመልካቹ የመረዳት አቅም ነው፤ ስለዚህ ከክፍሉ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ምንም የግርጌ ጽሑፍ፣ ከተቻለም ድምፁን ዝቅ አድርገው ቢመለከቱ የልጅነት አመለካከትዎን በከፊል ሊመልሱት ይችላሉ።

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በሌላው የአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው ሰዓቱንም ማሰብ አለበት። ምሽት ላይ በየቤቱ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ መብራት ይደክማል፤ ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ጠዋት ይመረጣል። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ዝግ ብለው የሚነገሩ ቃላትን ይውጣቸዋል፤ ያን ጊዜ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ክፍሉን ከኢንተርኔት በቀጥታ ከመመልከት አስቀድሞ አውርዶ ማስቀመጥ ይበልጣል፤ ይህ ክፍል የሚገነባው ቀስ በቀስ ነውና መቆራረጥ ይጎዳዋል።

መመልከት ሲጀምሩ ሳያቆሙ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። ያረጀ የሚመስልዎት ነገር፣ ለምሳሌ ከወረቀት የተሠራ የሚመስል ድንጋይ ወይም የሴቶች ፊት በለሰለሰ ብርሃን መቀረጹ፣ ቢያጋጥምዎት በሐሳብዎ መዝግበው ይለፉ እንጂ አይከራከሩት፤ የዚያን ዘመን አሠራር መውቀስ ክፍሉ ምን እያለ እንደሆነ ከመስማት ያዘናጋል።

ከተመለከቱ በኋላ የሚቀረው ሥራ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ክፍሉን ከሁለት ዘመናት ጋር ማስተያየት ነው። የመጀመሪያው የተላለፈበት ዘመን ነው። ክፍሉ ከመተላለፉ ሁለት ቀን በፊት፣ በዚያው በኒውዮርክ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን የቬትናምን ጦርነት በግልጽ የተቃወመበትን ንግግር አድርጓል። ክፍሉ ቀደም ብሎ የተቀረጸ በመሆኑ ለንግግሩ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ሰላምን የምትሰብክ ሴት ትክክል ሆና ሳለ ጊዜዋ እንዳልሆነ የሚናገር ድራማ በዚያ ሳምንት ወደ አሜሪካ ቤቶች መግባቱን ሳያውቁ ክፍሉን መመዘን ጎደሎ ነው።

ሁለተኛው ታሪኩ የተቀመጠበት ዘመን ነው፤ እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ሌላው የማያየውን ያያል። ከርክ ኒውዮርክ የደረሰበት 1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት፣ በእኛ አቆጣጠር የጥቅምት 1923 ዓመት ነው። ስፖክ በመሣሪያው የሚያሳየው የጋዜጣ ዘገባ፣ ኤዲት በሕይወት ብትቆይ ከፕሬዚዳንቱ ጋር እንደምትመክር የሚናገረው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1936 ይላል። በዚያው ወቅት የጣሊያን ጦር ትግራይ ውስጥ እየገፋ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የአሜሪካ ምክር ቤትም በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ለተዋጊ ወገኖች መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ሕጉ ወራሪውንና ተወራሪውን በአንድ ዓይን ያየ ነበር። ድራማው በኤዲት የሰላም ስብከት ምክንያት አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘግይታ ብትገባ ምን ይከሰት እንደነበር በምናብ ይጠይቃል፤ ለእኛ ግን የዓለም ዝምታ ያስከፈለው ዋጋ ምናብ አይደለም። በልጅነቱ የከርክን ሐዘን ብቻ ያየ ሰው፣ ይህን ታሪክ ካወቀ በኋላ ክፍሉን ሲያየው የስፖክን መራራ ስሌት በሌላ ልብ ሊቀበለው ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው፣ ሰላምን የሰበከችው ሴት ለምን ዋጋ ከፋይ ሆነች ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ሁለቱም ከተመልካቹ የመጡ ናቸውና በወረቀቱ ላይ ለብቻቸው ይጻፉ።

አሁን የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥተው ያስተያዩ። ልዩነቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ይህ ከቅጂው ነው፣ ይህ ከድራማው ነው፣ ይህ ከእኔ ነው እያሉ ይመድቡ። መልስ ያላገኙለት ነገር ከተረፈ ከሳምንት በኋላ ክፍሉን ሁለተኛ ጊዜ ይክፈቱት፤ በዚህኛው ዙር ክፍሉን አይቶ የማያውቅ ወጣት የቤተሰብ አባል አጠገብዎ ቢቀመጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ምን እንደሚመጣ አይንገሩት፣ የት ላይ ዝም እንዳለና የት ላይ ስልኩን እንዳነሣ ብቻ ልብ ይበሉ፤ ሲያልቅም ሐኪሙ ባይያዝ ምን ይሻል እንደነበር አስቀድሞ እርሱ ይናገር።