ኤምካት ዝቅ ብሎ ከመጣባችሁ

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ለመማር ኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ተፈትናችሁ ውጤቱ አንገት ያስደፋችሁ ልጆች፣ እባካችሁ በንዴት ወዲያው ለድጋሚ ፈተና አትመዝገቡ። ሙከራው የተቆጠረ ነው፦ በአንድ ዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ። ተመዝግባችሁ ብትቀሩም ይቆጠራል።

ጠቅላላ ድምሩን ለጊዜው ተዉትና አራቱን ክፍሎች ለየብቻ እዩ። እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ነው የሚታረመው። ሦስቱ ደህና ሆነው የንባብ ክፍሉ ብቻ ወርዶ ከሆነ (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን የሆነውን ብዙዎቻችንን የሚጥለን እሱ ነው) በጥቂት ሳምንት ጥድፊያ አይነሳም፤ በየቀኑ ማንበብ፣ ያውም ለወራት። የልምምድ ፈተናችሁ ደጋግሞ ከፍ ካላለ አትግቡ።

የዲኦ (የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዲግሪ) ትምህርት ቤቶችን ደግሞ አትናቁ። ወላጆቻችን ስሙን ስለማያውቁት «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» ይላሉ። ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ከ2020 ጀምሮ የስፔሻላይዜሽን ሥልጠናው (ሬዚደንሲ) እውቅና ከኤምዲዎቹ (የተለመደው የሐኪም ዲግሪ ካላቸው) ጋር አንድ ሆኗል። ትምህርት ቤቶቹ የሚቀበሉት አማካይ የኤምካት ውጤትም ከኤምዲዎቹ ዝቅ ይላል። አስረዷቸው።

የካሪቢያን ደሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ግን የመጨረሻ አማራጭ አድርጓቸው። «ከተመረቁት ስንቱ ሬዚደንሲ አገኘ?» ሳይሆን «አንደኛ ዓመት ከገቡት ስንቱ በጊዜው ጨርሶ ሬዚደንሲ አገኘ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ቁጥሩን ካልሰጧችሁ ብድሩን አትፈርሙ።