ዱርዬ ለመምሰል ብዙ ብር አያስፈልግም፦ የ1950ዎቹ የግሪዘር ስታይል ለጅማ ልጆች

ክሬዚ ደይ ሲደርስ፣ ወይ የድራማ ክበብ የድሮ የአሜሪካ ታሪክ ሊሠራ ሲያስብ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «የቆዳ ጃኬት የት ይከራያል?» ቆይ፣ ከዚያ አይጀመርም። ከጃኬቱ ከጀመርክ ብርህ እዚያው ያልቅና ጭንቅላትህ ላይ ተራ ፌድ፣ እግርህ ላይ የስፖርት ጫማ ይዘህ ትቀራለህ። ያ ደግሞ ግሪዘር ሳይሆን ብርድ የመታው ልጅ ነው።

ለመሆኑ ግሪዘሮቹ እነማን ናቸው? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ በ1950ዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ የነበሩ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከጣሊያን ወይ ከሜክሲኮ ነው። አባት ፋብሪካ፣ ልጅ ጋራዥ። ኮሌጅ የሚገባው የደህና ቤት ልጅ ፀጉሩን ከርከም አድርጎ፣ ሹራብና የተተኮሰ ሱሪ ለብሶ ይሄዳል። እነዚህኞቹ ያንን ለመምሰል አልተፍጨረጨሩም፤ የሥራ ልብሳቸውን እንደ ክት ልብስ ይዘው አደባባይ ወጡ። ያው ጂንስ፣ ያው ካናቴራ፣ ያው ቡትስ። ልዩነቱ ልክክ ብሎ መለበሱና ፀጉሩ በቅባት አብረቅርቆ ወደ ኋላ መበጠሩ ነው። ትልልቆቹ ደነገጡ። በ1953 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ወጣት ጥፋተኞች የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፣ በ1954 ደግሞ ልጆቹን ያበላሻቸው የኮሚክ መጽሔት ይሆን እንዴ ብሎ ሰው እየጠራ ይጠይቅ ጀመር። ጂንስ የከለከሉ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። እንግዲህ በሱሪ ምክንያት ከክፍል ከተባረርክ ሱሪው ምን ያህል እንደሚጥምህ አስበው።

በነገራችን ላይ ያኔ ጅማም ከአሜሪካ ያን ያህል ሩቅ አልነበረችም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ የሆነው የእርሻ ትምህርት ቤት በ1952 ሥራ ሲጀምር ያገዘው የኦክላሆማ ኮሌጅ ነበር፤ አሜሪካውያን መምህራንም እዚህ ድረስ መጥተዋል። እነሱ እዚህ ስለ እርሻና ስለ ከብት ሲያስተምሩ፣ አገራቸው ላይ ጎረምሳው መስታወት ፊት ቆሞ የቅባት ቆርቆሮ ይጨርስ ነበር።

ወደ ሥራው እንግባ።

ሱሪውን ሐሙስ ገበያ ውጣና ሳልቫጅ ተራ ፈልገው። የምትፈልገው ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፈር ያለ፣ የማይለጠጥ ጂንስ ነው። ሁለት እጅህን አስገባና ወደ ጎን ሳበው፤ ከተለጠጠ መልሰው። ጉልበቱ የተቀደደ፣ ነጭ ነጭ ያለ፣ ጌጣጌጥ የተሰፋበት አይሆንም። እሱ ሁሉ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ወገቡ ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ የሚደርስ ካገኘህ ዋጋውን ተከራከር እንጂ አትልቀቀው። ከዚያ ልብስ ሰፊ ጋ ይዘኸው ሂድና በግልጽ ተናገር፦ «ጋሼ፣ ከጉልበት በታች ትንሽ ይጥበብልኝ፣ ዳሌውን እንዳይነኩብኝ።» ይህን ካላልክ ስኪኒ አድርገው ይሰጡሃል፣ ግሪዘርነትህም እዚያው መኪናው ሥር ያልቃል። ርዝመቱን ግን አታስቆርጥ። የዚያን ጊዜ ጂንስ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሰው ረዥም አድርጎ ይገዛና ትርፉን ወደ ውጭ ያጥፈው ነበር። ዘመኑን የሚናገረው ያ እጥፋት ነው። አራት ጣት ያህል፣ አንዴ ብቻ እጠፈው።

ካናቴራው ነጭ ይሁን፣ ጽሑፍም ሥዕልም አይኑርበት። ነገሩ መጀመሪያ የውስጥ ልብስ ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1913 ለወታደሮቹ ከዩኒፎርም ሥር እንዲለብሱት ያደላቸው ነበር። ስለዚህ ላዩ ላይ ምንም ሳይደርቡ ወጥቶ መንገድ ላይ መቆም ለዚያ ጊዜ ሰው ትልቅ ድፍረት ነው። ልክህን ግዛ፣ ትከሻህ ላይ ይቀመጥ፣ እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልለው። ፊልም ላይ ጥቅሉ ውስጥ የሲጋራ ፓኮ ሲሸጉጡ አይተህ ይሆናል፤ አንተ እሱን ተወውና የኋላ ኪስህ ውስጥ ማበጠሪያ ክተት። ከሲጋራው ይልቅ ማበጠሪያው ነው ትክክለኛው ምልክት።

ጃኬት እንግዲህ። ያ ዚፑ በሰያፍ የሚሄደው ጥቁር የቆዳ ጃኬት ፐርፌክቶ ይባላል፣ በ1928 ኒውዮርክ ውስጥ ሾት የሚባል ድርጅት ለሞተረኞች የሠራው ነው፣ ያኔ ዋጋው 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዚፑ ወደ ጎን የሄደው ለውበት አይደለም፤ አንዱ ጎን በሌላው ላይ ስለሚደረብ ንፋስ ደረት አያገኝም። በ1953 ማርሎን ብራንዶ የሞተረኞች አለቃ ሆኖ በተወነበት ፊልም ላይ ይህን ዓይነት ጃኬት ለበሰው፣ ከዚያ በኋላ የሞተረኛ ልብስ መሆኑ ቀርቶ የጎረምሳ ሁሉ ምኞት ሆነ።

አንተ ግን መውጫ አለህ። ጄምስ ዲን በ1955ቱ ዝነኛ ፊልሙ ላይ የለበሰው ጃኬት ቆዳ አይደለም፣ ቀይ የጨርቅ ጃኬት ነው። ወገብ ላይ የሚያልቅ፣ ዚፕ ያለው፣ ኮሌታው የሚቆም። እንዲህ ዓይነቱን ከሳልቫጅ ክምር ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ለጅማ አየርም እሱ ይሻላል። ልጁ ራሱ ፊልሙ ሲታይ አልደረሰም፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1955 በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ፣ ፊልሙ የወጣው በሚቀጥለው ወር ነው።

ቆዳ ካልሆነ የሚል ካለ ስለ ዝናቡ ይስማ። ጅማ ቆዳ ለማስቀመጥ የምትመች ከተማ አይደለችም። ክረምት ላይ ጃኬትህን ቁምሳጥን ውስጥ ዘግተህ ከተውከው ኮሌታው ሥር አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል። አየር የሚያገኝበት ቦታ ስቀለው። ከረጠበ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ከሰል ዳር አታስጠጋው፣ ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ በጣም ትንሽ ቅባት አሸው። ከጓደኛ ከተዋስከው ደግሞ ጥቁር ደመና ስታይ አውልቀህ ወደ ውስጥ ገልብጠው፤ አንተ ብትበሰብስ ይሻላል።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ጥቁር ቡትስ ካለህ ሊስትሮ ዘንድ አስጠርገው፣ አለቀ። ከሌለህ ጥቁር ሸራ ጫማ ይበቃል፤ ጫማ ለመግዛት የቸገረው ያኔም ያንን ነበር የሚያደርገው። ነጩን ተወው፣ በጅማ ጭቃ አንድ ሰዓት አይቆይም።

አሁን ዋናው። ፀጉር። እዚህ ላይ የቸኮለ ሁሉ ይበላሻል፣ ምክንያቱም ልብሱን በአንድ ሐሙስ ትጨርሰዋለህ፣ ፀጉር ግን ወራት ይፈልጋል። አስቀድመህ ማሳደግ ጀምር። ፀጉር ቤት ስትገባ ልጁ ማሽኑን አንስቶ ጎንህን ሊልጠው ይመጣል፤ አስቁመው። ግሪዘር ፌድ የለውም። ጎኑ በመቀስ ይስተካከል፣ በጣት የሚያዝ ያህል ይቅር፣ ላዩ ግን የጣት ርዝመት ይኑረው።

ፀጉርህ ለስለስ ያለ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ትንሽ አርጥበው። ቅባቱን በጣትህ ጫፍ ቆረስ አድርግና መዳፍህ ላይ እስኪሞቅ አሸው፣ ከዚያ ከኋላ ጀምረህ ወደ ፊት ቀባ። ከፊት የጀመርክ እንደሆነ ሁሉም ግንባርህ ላይ ይከመርና ብጉር ያተርፍልሃል። ግራና ቀኙን ወደ ኋላ አበጥረህ ማጅራትህ ላይ አገናኛቸው፣ በሚገናኙበት መሀል በማበጠሪያው ጫፍ ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር አውጣ። እሱ ነው የዳክዬ ጭራ የሚሉት። የላዩን መጀመሪያ ወደ ፊት አበጥረው፣ ቀጥለህ በመዳፍህ ደግፈህ ከፍ እያደረግክ ወደ ኋላ መልሰው። አንድ ዘለላ አምልጦ ግንባርህ ላይ ከወደቀ ተወው፣ ያምርበታል። ዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ ፀጉሩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ስለነበር ጥቁር ቀለም ይቀባው ነበር፤ አንተ በነፃ አለህ።

ከርዳዳ ፀጉር ያለህ ደግሞ «ለኔ አይሆንም» ብለህ እንዳትተወው። ከዚያ ዘመን ከፍ ያለ ፀጉር ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ሊትል ሪቻርድ ነው። ችግሩ ያኔ ብዙ ጥቁር ወንዶች ፀጉራቸውን የሚያለሰልሱት የራስ ቆዳ በሚያቃጥል ኬሚካል ነበር። ለአንድ ቀን ብለህ ሪላክሰር ውስጥ አትግባ። ይልቅ ማታ እህትህን ለምናት፣ ላዩን በወፋፍራሙ ትጎንጉንልህ። ጠዋት ፈትተህ በሚዶ ወደ ላይ ሳበው፣ ያለ ካውያ ይቆማል። ጎንና ጎኑን በቅባትና በብሩሽ አስተኛና ልብስህን እስክትጨርስ ድረስ ዙሪያውን በሻሽ እሰረው። ያኔ ይረጋል።

ቅባቱስ? ጄል አትግዛ፣ ይደርቅና ስታበጥረው ነጭ ነጭ ይረግፋል፤ የግሪዘር ፀጉር ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደገና መበጠር አለበት። ለጋ ቅቤ የሚሉ አሉ። ፀጉር ያወዛል፣ አልክድም፣ ግን ቅርጽ አይዝም፤ ፀሐይ ሲወጣ በአንገትህ ይወርዳል፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠውም በጠረኑ ያውቅብሃል። ቫዝሊን ብቻውንም ይንሸራተታል። የሚይዘው ሰም ነው፣ ሰም ደግሞ በማር አገር አይጠፋም። ጠጅ የሚጥል ሰው ካወቅክ ሰፈፉን ለምነው፣ ውሃ ውስጥ አፍልተህ በጨርቅ አጥልለው፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። (ጧፍ ቆርጬ ላቅልጥ እንዳትል፣ እናትህ አትምርህም።) አንድ እጅ ሰም፣ ሁለት እጅ ቫዝሊን፣ ግማሽ እጅ የፀጉር ዘይት በትንሽ ጣሳ አድርግ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠው። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣደው፣ ሰም ይቀጣጠላል። ቀልጦ ሲዋሃድ ክዳን ወዳለው ቆርቆሮ ገልብጠውና ይርጋ። ጠጠር ካለብህ ዘይት ጨምር፣ ከላላ ሰም ጨምር።

ሴቶቹ ተረስተው እንዳይመስልሽ፣ እነሱም ነበሩ፣ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ይልቅ ሐሜቱ የሚበረታው በነሱ ላይ ነው። ጂንሱን እስከ ባትሽ አጥፊው፣ የወንድምሽን ሸሚዝ ወገብሽ ላይ ቋጥሪው፣ ትንሽ ሻሽ አንገትሽ ላይ በጎን እሰሪ። ፀጉርን ከፊት ከፍ አድርጎ ከኋላ ማሰር። ኩሉ ወፈር ይበል።

ለፎቶ መሀል ከተማ ውጡ፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩት ሕንፃዎች ጀርባ ሆነው ከዘመኑ ጋር አይጣሉም፤ ጋራዥ የሚያስገባችሁ ሰው ካለ ደግሞ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ጎፈሬና ቤልቦተም የለበሰ ጓደኛ በመሀል አታስገቡ፣ እሱ የሌላ ዘመን ነው። ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ ይህን አትሞክር፤ ቅዳሜ ይበቃሃል። ቤት ውስጥም ሳይናገሩ ከመውጣት ይልቅ «አባዬ፣ ለድራማ ነው» ብሎ አስቀድሞ ማሳየት ይቀላል፤ ምናልባት እሱም የድሮ ጃኬት ከሻንጣ ያወጣልሃል።

ማታ ስታጥበው ውሃ አትጀምር። ቅባት ውሃን አይቀበልም፣ ዝም ብሎ ይጨማለቃል። መጀመሪያ በደረቁ ፀጉር ላይ ሻምፑ አፍስሰህ በደንብ እሸው፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አስለቅቅ፣ ድገመው። ሰም ያለበት ከሆነ ከሻምፑው በፊት ትንሽ ዘይት አሸት አድርግበት፣ ቶሎ ይለቃል። ሰንፈህ ሳትታጠብ ከተኛህ ትራሱ ላይ ፎጣ አንጥፍ። ካላነጠፍክ የትራሱን ልብስ የምታጥበው አንተ ነህ።