የአሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ትንንሽ የቦዲ ዕቃዎች፦ አዳማ ላይ ሆኖ እንዴት ይገኛሉ?

አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ሲታደስ ሥራውን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ ትልቁ ዕቃ አይደለም። ሞተር የሚያወርድ ሜካኒክ አለ፤ ፓራፋንጎና ወለል ከላሜራ ቆርጦ የሚሠራ ባለሙያም አዳማ ውስጥ አይጠፋም። መኪናው ቀለም ተቀብቶ ወራት ግቢ ውስጥ የሚቆመው የበር እጀታ፣ የማጠፊያ ፒን፣ የፍሬቻ ሽፋን፣ የግንባር መብራት ቀለበት ወይም ጥቂት ሜትር የበር ጎሚኒ ጠፍቶ ነው።

ዕቃው ከገበያ ጨርሶ ጠፍቶ ሳይሆን አፈላለጉ ላይ ነው ችግሩ። «የላንድክሩዘር እጀታ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የላንድክሩዘር እጀታ ይሰጠዋል፤ የየትኛው ላንድክሩዘር እንደሆነ የሚያውቀው ግን ቤቱ ወስዶ ሲገጥም ነው። ስለዚህ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ነው።

1. መኪናው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይለዩ

ሊብሬ ላይ ያለው ዓመት መነሻ ይሆናል እንጂ አይበቃም። የሻንሲ ቁጥሩን ራሱን ያንብቡ፤ በባለ 40 ላንድክሩዘርም (እንደ ኤፍጄ40 ያሉት የድሮዎቹ) በላንድሮቨር ሲሪስም ሻንሲው ላይ ፊት ለፊት በቀኝ በኩል ተመቶ ይገኛል። ጭቃውንና አሮጌ ቀለሙን በሽቦ ብሩሽና በቀለም ማስለቀቂያ ያንሱ። መፈግፈጊያ ዲስክ አያስነኩት፤ ቁጥሩ ከደበዘዘ ነገ ለቦሎ ሲቀርቡ ጣጣው የእርስዎ ነው።

ባለ 40 ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሩቅ ሲያዩት በእነዚህ ዓመታት ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፤ ትንንሽ ዕቃው ግን ተቀያይሯል። የቀድሞዎቹ የፊት በሮች ጥግ ላይ የምትከፈት ሦስት ማዕዘን መስታወት አለቻቸው፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ቀርታ መስታወቱ አንድ ወጥ ሆኗል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የግንባር መብራቶቹ ዙሪያ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተቀይሯል። በላንድሮቨር በኩል ሲሪስ 1 ከ1948 እስከ 1958፣ ሲሪስ 2 ከ1958፣ ሲሪስ 2ኤ ከ1961 እስከ 1971፣ ሲሪስ 3 ከ1971 እስከ 1985 ነው። የግንባር መብራቶቹ ከግሪሉ መሃል ወጥተው ወደ ፓራፋንጎዎቹ የሄዱት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የሲሪስ 3 ግሪል ፕላስቲክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እኛ አገር ያሉት አሮጌ መኪኖች ብዙ እጅ ያለፉ ናቸው፤ ሻንሲው የ1972 ሆኖ በሩ የ1979 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻንሲውን ካወቁ በኋላ እያንዳንዱን በር፣ ኮፈንና መብራት ለብቻው ይዩት። ለበሩ የሚሆነው እጀታ የበሩ ዘመን እንጂ የሻንሲው ዘመን አይደለም።

2. ሳይሰብሩ ይፍቱ

የተሰበረ ዕቃም ቢሆን ናሙና ስለሆነ አይጣልም፤ ከመቶ ፎቶ ይሻላል። የዛጉ ብሎኖችን ከዋዜማው ጀምረው ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያጠጧቸው። የላንድክሩዘር የበር ማጠፊያ የሚታሰረው ትልልቅ የመስቀል ጥርስ ባላቸው ብሎኖች ነው፤ በተራ ካቻቢቴ ከታገሏቸው ጥርሱ ይበላና ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ መብሳት ብቻ ይሆናል። ለእነዚህ በመዶሻ ሲመታ የሚዞር ካቻቢቴ ያስፈልጋል። የጃፓን የመስቀል ብሎን ከአውሮፓው ጥቂት ይለያል፤ የአውሮፓው ካቻቢቴ ጫፍ ገብቶ ሳይቀመጥ ይንሸራተታል። የጃፓን ካቻቢቴ ካለ ያንን፣ ከሌለ ጫፉ በትንሹ የተሞረደ ይጠቀሙ።

እያንዳንዱን ዕቃ ከነብሎኑ፣ ከነሮንዴላውና ከነዳዶው በአንድ ከረጢት ያድርጉና ከየት እንደወጣ ይጻፉበት፦ «ግራ የፊት በር፣ የላይ ማጠፊያ»። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ ያለ ማስመሪያ የተነሳ ፎቶ ለሻጭም ለቶርኖ ሠራተኛም አይረዳም።

3. ይለኩ፣ ጥርሱንም ይለዩ

ካሊፐር ይግዙ ወይም ይዋሱ። እጀታ ከሆነ ከብሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ብሎን ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ርዝመትና ውፍረት፣ ዘንጉ ካሬ ይሁን ክብ ይጻፉ። ሁለት እጀታ ከውጭ አንድ ዓይነት ሆነው ዘንጋቸው በጥቂት ሚሊሜትር ሲለያይ ቁልፉ አይከፍትም።

ብዙ ሰው የሚበላሸው ግን ብሎን ላይ ነው። የላንድክሩዘር ቦዲ ሜትሪክ ነው፤ በአብዛኛው ኤም6 (6 ሚሊሜትር ውፍረት) በ1.0 እና ኤም8 (8 ሚሊሜትር) በ1.25 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት። ላንድሮቨር ከሲሪስ 2 ጀምሮ በአብዛኛው በኢንች የሚለካ ዩኤንኤፍ ነው፦ ሩብ ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ፣ 5/16 ሆኖ 24 ጥርስ። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ ኤም6 ብሎን በሩብ ኢንች ዳዶ ውስጥ እየተወዛወዘ ይገባል፣ የያዘም ይመስላል፣ ሲጠብቅ ግን ይላጣል። 5/16 ደግሞ 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ ኤም8 አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል። እዚያ ላይ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው በቦዲው ውስጥ የተበየደውን ዳዶ ይፈትታል፤ ያኔ ላሜራ መቅደድ ሊመጣ ነው።

ቁልፍም ይናገራል። በላንድክሩዘር ላይ የፋብሪካው ኤም8 ብሎን በ12 ቁልፍ ይፈታል። በየሱቁ የሚሸጠው ኤም8 ግን ብዙ ጊዜ የ13 ራስ አለው። 13 ካገኙ ያ ብሎን ቀድሞ ተቀይሯል ማለት ነው፤ እሱን ናሙና አድርገው ሌላ አይግዙ።

4. ግራና ቀኝ

ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ሾፌር ወንበር ላይ ወደ ፊት ተቀምጦ ነው፤ ከመኪናው ፊት ቆሞ አይደለም። ከእንግሊዝ ሻጭ ጋር ሲነጋገሩ «ኦፍሳይድ» ካለ ቀኝ፣ «ኒርሳይድ» ካለ ግራ ማለቱ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1964 ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ መሪያችን በግራ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ መሪያቸው በቀኝ ነው። በሞያሌ በኩል የሚመጣ ዕቃ ስለዚህ በጥንቃቄ ይታያል። የበር ማጠፊያ፣ የኋላ መብራት፣ የኮፈን መያዣና ግሪል ችግር የላቸውም። ዳሽቦርድ፣ የዝናብ መጥረጊያ መገጣጠሚያና የፔዳል ቀዳዳ ያለበት ላሜራ ግን የተገላቢጦሽ ስለሆኑ ርካሽ ቢሆኑም አይግዙ።

5. የት ይፈለጋል?

መጀመሪያ አዳማን ይጨርሱ። ከተማዋ የጅቡቲ፣ የሐረርና የአሰላ መንገዶች መገናኛ ስለሆነች ጋራዥ አይቸግርም፤ በየጋራዡ ጥግ ደግሞ የተፈታታ አሮጌ ቦዲ አይጠፋም። ሱቅ ላይ ከመጠየቅ የቆዩ ሜካኒኮችን መጠየቅ ይሻላል፤ ማን ግቢ ውስጥ የሞተ ላንድሮቨር እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለቆራሌዎችም ናሙናውን አሳይተው ስልክ ይተዉላቸው።

ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ መርካቶ። ሶማሌ ተራ ለያገለገለ የመኪና ዕቃ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ለብረታ ብረትና ለትርፍራፊ የታወቁ ናቸው። በጠዋት፣ ናሙናውንና ካሊፐሩን ይዘው ይሂዱ። ሻጩ «ይሄ ራሱ ነው» ቢልም እዚያው ይለኩ። ስፖኪዮ፣ የፍሬቻ ሽፋንና አርማ በብዛት የሚሰረቁ ዕቃዎች ስለሆኑ ከቋሚ ሱቅ፣ ደረሰኝ ተቀብለው ይግዙ።

ለቶዮታ ሦስተኛው መንገድ የዕቃ ቁጥር ነው። ቁጥሩ አሥር አሃዝ ሆኖ በመሃል በሰረዝ አምስትና አምስት ይከፈላል። የፊተኞቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት፣ የኋለኞቹ አምስቱ የትኛው ሞዴልና ስሪት እንደሆነ ያሳያሉ። ለምሳሌ 69210 የቀኝ የፊት በር የውጭ እጀታ ሲሆን 69220 የግራው ነው። ከአሥሩ ቀጥሎ ሁለት ምልክት ከተጨመረ ቀለምን ነው። በዚህ ቁጥር የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን መጠየቅ ወይም ዱባይና ሻርጃ ላለ ሰው መላክ ይቻላል፤ እጀታና ሽፋን ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ቶዮታ በ2021 ለባለ 40 አንዳንድ ዕቃ እንደገና እንደሚያመርት አስታውቆ ነበር፤ ትኩረቱ ግን ሞተርና ኃይል ማስተላለፊያ ላይ ስለሆነ የቦዲ ዕቃ ከዚያ አይጠብቁ።

መብራት ላይ ብዙ አይጨነቁ። የሁለቱም መኪኖች ክብ የግንባር መብራት ሰባት ኢንች፣ ማለትም 178 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ያ በቀላሉ ይገኛል። የሚጠፋው ቀለበቱና ማስተካከያ ብሎኖቹ ናቸው። አንዳንድ የናፍጣ ባለ 40 ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ስለሆኑ አምፑልና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት ባትሪዎቹን ይዩ።

6. ካልተገኘ ይጠገናል ወይም ይሠራል

የማጠፊያ ፒን ሲበላ በሩ ይወርዳል። ይህን አዲስ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ቶርኖ ቤት ወስደው ቀዳዳውን አስፍተው የብሮንዝ ቡሽ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) ያስገቡበት፣ ፒኑንም በቡሹ ልክ ያሠሩ። ሁለቱንም ማጠፊያ በአንድ ጊዜ ያሠሩ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ በሩ ይጣመማል።

ኒኬል የተቀባ እጀታ ሲሰበር ለብየዳ አይስጡ። አብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ የፈሰሰ ነው፤ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ በያጁ ገና ሲጀምር ይፈስበታል። ስብራቱን ከሁለቱም በኩል በስተው 3 ሚሊሜትር የብረት ፒን ያስገቡና ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ሞልተው አንድ ቀን ሙሉ ያቆዩት። ለናሙና ይበቃል፣ ብዙ ለማይከፈት በርም ያገለግላል።

ከነጭራሹ አዲስ ማፍሰስ ሲያስፈልግ የአሉሚኒየም ድስት የሚያፈሱ ባለሙያዎች በአሸዋ ቅርጽ ይሠሩታል። ከድስት ቁርጥራጭ ይልቅ አሮጌ ፒስተን አስቀልጠው ያሠሩ፤ ቅይጡ ለማፍሰስ የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ 1.3 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ 150 ሚሊሜትር የሆነ እጀታ ሁለት ሚሊሜትር ያህል አጥሮ ይወጣል። ስለዚህ ናሙናውን በስቱኮ ትንሽ ያወፍሩት፣ የብሎን ቀዳዳውን ደግሞ አብሮ እንዲፈስ አያድርጉ፤ ከፈሰሰ በኋላ በትክክለኛው ርቀት ይበሳ።

ላንድሮቨር ላይ ሌላ ነገር አለ። ቦዲው አሉሚኒየም፣ ደረቱ (ሞተሩን ከሾፌሩ ክፍል የሚለየው ግድግዳ) እና ሻንሲው ብረት ነው። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል፤ በየብሎኑ ዙሪያ የሚያብጠው ቀለም ከዚህ የመጣ ነው። የሚገጥሙትን ብረት በፕራይመር ይቀቡ፣ ከሥሩ ቀጭን ጎሚኒ ወይም ናይለን ሮንዴላ ያድርጉ። የነሐስ ብሎን ያምራል ብለው አይጠቀሙ፤ ጉዳቱን ያብሰዋል። ሪቬቱም የአሉሚኒየም ይሁን።

7. ጎሚኒ

የአዳማ ፀሐይ የበር ጎሚኒ ያደርቃል፤ ስለዚህ ያገለገለ ጎሚኒ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በሜትር የሚሸጠውን አዲስ ይግዙ፣ ግን ቅርጹ እንዲመሳሰል። ከአሮጌው ያልተጨፈለቀ ቦታ ሁለት ሴንቲሜትር በስለት ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ የተቆረጠውን ፊት ማኅተም ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ ይጫኑት። የሚወጣው ምስል ልኩን የጠበቀ ነው፤ ሁለት ቁጥር ይለኩበት፦ ላሜራውን የሚነክሰው ቀዳዳ ስፋትና የእብጠቱ ቁመት። «ወፍራም ይሻላል» ብሎ የሚገዛ ሰው በሩ አይዘጋለትም፤ ከዚያ በጉልበት ሲዘጋ አዲሱን ማጠፊያ ያጣምማል። ሲቆርጡ ከሚፈለገው አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ያስረዝሙ፣ መጋጠሚያውንም ከታች ያድርጉት።

8. ከቀለም በፊት ይግጠሙ

የተገኘው ሁሉ ቀለም ሳይቀባ በፊት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይገጠም። መጀመሪያ ማጠፊያ፣ ከዚያ ቁልፍና እጀታ፣ ከዚያ መስታወት፣ በመጨረሻ ጎሚኒ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ጎሚኒው በሩን ገፍቶ ማጠፊያው የተስተካከለ ያስመስለዋል። አዲስ ቀዳዳ የሚበሳው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ጎሚኒው በትክክል መግጠሙን ለማወቅ በሩ ሲዘጋ ጎሚኒው የሚነካውን ላሜራ በጠመኔ ይቀቡ፣ በሩን ዘግተው ይክፈቱ። ጎሚኒው ላይ ጠመኔ ያልነካው ቦታ ክፍተት አለው፤ ውሃና አቧራ የሚገባው በዚያ ነው። ከላይ ብቻ ካልነካ የማጠፊያው አቀማመጥ ይስተካከላል፤ ከቁልፉ በኩል ካልነካ ደግሞ ግንዱ ላይ ያለው የቁልፍ መያዣ ብሎኖቹ ላልተው ወደ ውስጥ ይገፋል።