ለ15 ተጫዋች አንድ ወረቀት፦ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ጂም ነው። ረዳት ነኝ፤ ልጆቹን አሟሙቃለሁ፣ ክብደት እጭናለሁ፣ የሠሩትን እመዘግባለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር የተለጠፈው። ስኳት (ክብደት የተጫነበት ብረት፣ ማለትም ባር፣ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) 5 ጊዜ በ5 ዙር፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባሩን ወደ ላይ መግፋት) እንደዚያው፣ ከዚያ ሩጫ። 1 ሜትር ከ80 የሆነው ጋርድም (ኳስ አቀባዩ)፣ 2 ሜትር ከ11 የሆነው ሴንተርም (ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው) ያንኑ አንብበው ይሠራሉ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን እኔው ሠርቻቸዋለሁ። ሌሎቹን ቆሜ አይቻለሁ።

ሁሉንም በአንድ ቁጥር መመዘን

ኬቪን ዱራንት በ2007 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ለኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ) ምልመላ ሲፈተን፣ 185 ፓውንድ (84 ኪሎ ገደማ) ቤንች ፕሬስ አንዴም መግፋት አቃተው። ወሬው አገር አዳረሰ። ልጁ ግን በዚያው ዓመት ለኮሌጁ በአማካይ በየጨዋታው 25.8 ነጥብ ያስቆጠረ ነው። በምልመላው 2ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በ2014 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ቤንች ፕሬስ አይረባም እያልኩ አይደለም። ግን ክንደ ረጅም ሰው ባሩን የሚገፋበት መንገድም ይረዝምበታል። ክንደ አጭሩ ጓደኛው ያንኑ ክብደት ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የልጁን ቁጥር ከጓደኛው ጋር አታስተያዩ፤ ከራሱ ካለፈው ወር ጋር አስተያዩት።

ስኳትም ላይ ያው ነው። ጭኑ ረጅም የሆነውን ልጅ “ውረድ፣ ገና ነህ!” እያሉ ሲጎተጉቱት መጨረሻ ላይ ወገቡ ይጎብጣል። እኛ አሁን ከኋላው ሳጥን እናስቀምጥለታለን፤ መቀመጫው ሳጥኑን ሲነካ ይነሳል። ወገቡ ቀጥ ብሎ መውረድ ሲችል ሳጥኑ ዝቅ ይላል። ዴድሊፍትም (ጎንበስ ብሎ ባሩን ይዞ ቀና ማለት) ሲሆን ባሩን ከወለል ሳይሆን ከፍ ካለ ነገር ላይ ያነሳል። ማጭበርበር የሚመስላቸው አሉ። ይምሰላቸው።

“ለየብቻ” ሲባል ለእያንዳንዱ አዲስ ነገር መፈልሰፍ

ይኼ የተገላቢጦሹ ነው። ኢንስታግራም ላይ ኳስ ላይ ቆሞ ክብደት የሚያነሳ ሰው ያዩና በማግስቱ ይዘውት ይመጣሉ። የ15ቱም ወረቀት አብዛኛው አንድ ዓይነት ቢሆን ችግር የለውም። ሁሉም መግፋት፣ መሳብ፣ መዝለልና ዘሎ በደንብ ማረፍ አለበት። የሚለየው ክብደቱ፣ ጥልቀቱ፣ ብዛቱና ቀኑ ነው።

የተጫወተውንና የተቀመጠውን እኩል ማሠራት

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ማክሰኞ ማታ ጨዋታ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሁሉም ጂም ገቡ። ከ40ው ደቂቃ 36ቱን የተጫወተው ልጅ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ አንድ አንድ እያለ ወረደ። 2 ደቂቃ ብቻ የገባው ደግሞ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ መጣ። የጠበቃቸው ግን ያው ወረቀት ነው። ለአንዱ በዛ፣ ለሌላው አነሰ።

የመጀመሪያው ስህተት ቶሎ ይታያል፤ ልጁ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ይመጣል። ሁለተኛው ግን ተደብቆ ይቆያል። ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ልምምድ ላይም ብዙ አይሮጥም፤ ጥር ላይ ትንፋሹ ያልቃል። ከዚያ አንድ ቀን ቋሚው ይጎዳና “ግባ!” ይባላል። በ4ኛው ደቂቃ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያለከልካል። ሰው “ዝግጁ አይደለም” ይላል። ማን አዘጋጀው?

አሁን ከ10 ደቂቃ በታች የተጫወቱ ልጆች በማግስቱ አጫጭር ፈጣን ሩጫና ሙሉ ክብደት ይሠራሉ። ብዙ የተጫወቱት ቀለል ያለ ብስክሌት ነድተው፣ ሰውነታቸውን አፍታተው ይሄዳሉ።

ውድድር ሲጀመር ክብደት ማቆም

ውድድሩ ከኅዳር መጀመሪያ አንስቶ እስከ መጋቢት ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ጊዜ ክብደት ካልነኩ በጋውን ሙሉ የለፉበት ጉልበት ይሟሟል። ችግሩ ሰዓት ነው። በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ደንብ በውድድር ወቅት የተፈቀደው በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ቢበዛ 4 ሰዓት ነው፤ ጂሙም ከዚያው ላይ ይቆጠራል። እኛ የምንለምነው በሳምንት ሁለት ጊዜ 30 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ዙሩ ጥቂት፣ ክብደቱ ግን ከበድ ያለ።

እንደ ማራቶን ሯጭ ማስሮጥ

እኛ ሐበሾች ስፖርት ሲባል መጀመሪያ የሚታየን እንጦጦ ነው። ሜዳው ግን ከጫፍ ጫፍ 28.65 ሜትር ነው፤ አንድ ቡድን ኳስ ይዞ እስኪሞክር ያለው ጊዜም 30 ሰከንድ። ጨዋታው መፈትለክ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መዞር፣ መዝለል ነው። 110 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አስፋልት ላይ 8 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ትርፉ የቅልጥም ሕመም ነው።

የቁርጭምጭሚቱን ታሪክ አለመጠየቅ

አንዴ የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ሁለተኛም ሊጠማዘዝ ይችላል። ስቴፈን ከሪ ከዴቪድሰን ኮሌጅ ወጥቶ ኤንቢኤ ከገባ በኋላ በ2011 እና በ2012 ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ቀዶ ጥገና ተደርጓል። በኋላ አሰልጣኞቹ ትኩረታቸውን ወደ ዳሌው አዞሩ፤ ያ ቀጭን ልጅ 400 ፓውንድ (181 ኪሎ ገደማ) ዴድሊፍት እስከማንሳት ደረሰ። ዳሌው ሲጠነክር ሸክሙ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀለለ። ጠይቁ ብቻ። “የትኛው እግርህ? ስንት ጊዜ?”

ከጂም ውጭ ያለውን ሕይወት መርሳት

ወላጆቹ ሐበሻ የሆኑ አንድ ልጅ ነበረን። የካቲት ላይ ድንገት ክብደቱ ወረደ፣ ጥር ላይ ያነሳው የነበረው ባር አልነሳ አለው። ዋናው አሰልጣኝ ሰንፏል አለ። ጠጋ ብዬ በአማርኛ ምን እንደበላ ጠየቅሁት።

“ጋሼ፣ ሁዳዴ ነውኮ።”

55 ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ያውም እስከ 9 ሰዓት አይበላም፤ እኛ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስኳት እናሠራዋለን። የሁዳዴ ነገር ደግሞ ከዓመቱ ወሳኝ ጨዋታዎች ጋር ነው የሚገጥመው።

ጾሙን አትንኩ፤ ሰዓቱን አንቀሳቅሱ። የእሱን ክብደት ወደ ከሰዓት በኋላ አዞርነው፤ እንደጨረሰ ይበላል። ዙሩን ቀነስን፣ ክብደቱን አልቀነስንም። ምስር፣ ሽሮ፣ ፉል፣ ቶፉና የለውዝ ቅቤ በዛ አድርጎ እንዲበላ ተስማማን። በሳምንቱ ባሩ ተነሳለት ብል ውሸት ነው፤ ክብደቱ መውረዱን ግን አቆመ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ወረቀት አለው፤ ከክብደቱ ዓምድ ጎን ባዶ ሳጥን አለች። ፈተና፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመም፣ ያለውን ሁሉ ይጽፉበታል። ያ ልጅ ሳጥኑ ውስጥ “ሽሮ ብቻ” ብሎ ጻፈ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ዋናው አሰልጣኝ ወረቀቱን ይዞ መጣና ጠየቀኝ፦

“ሽሮ ማን ነው? የሚያሠራው ሌላ አሰልጣኝ አለ እንዴ?”