ጎረቤት ያነሰ ካውንስል ታክስ ሲከፍል፦ በእንግሊዝ የቤትን ባንድ እንዴት ማስመርመር ይቻላል

ጎን ለጎን የቆሙ፣ በስፋትም በአሠራርም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቤቶች የተለያየ ካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር፣ ማለትም ለካውንስሉ፣ የሚከፈል የቤት ግብር) ሲመጣባቸው ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት ልዩነቱ በእርግጥ ከባንዱ፣ ማለትም ቤቱ በዋጋው ከተመደበበት የግብር ደረጃ፣ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። በቤቱ ብቸኛው አዋቂ ሆኖ የሚኖር ሰው 25 በመቶ ይቀነስለታል፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ካውንስሉን አመልክቶ ሌላ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ ነዋሪዎቹ በሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች የሆኑበት ቤት ደግሞ ከነጭራሹ ከክፍያው ነጻ ነው። ስለዚህ ጎረቤትን ስንት እንደሚከፍል ከመጠየቅ የቤቱን ባንድ ማየት ይሻላል፤ የማንኛውም ቤት ባንድ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በፖስት ኮድ ተፈልጎ ያለ ክፍያ ይገኛል።

ባንድ የሚመድበው ካውንስሉ ሳይሆን ቫሉዌሽን ኦፊስ የተባለው የመንግሥት ገማች አካል ነው። ካውንስሉ ለየባንዱ የሚከፈለውን መጠን ይወስናል፣ ገንዘቡንም ይሰበስባል እንጂ ባንድን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። መለኪያውም ቤቱ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ለገበያ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ያወጣ የነበረው ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ቤት እንኳ ያኔ ቢኖር ስንት ይሸጥ ነበር ተብሎ ይገመታል። በዚህ ስሌት እስከ 40,000 ፓውንድ የተገመተ ቤት ባንድ ኤ፣ እስከ 52,000 ቢ፣ እስከ 68,000 ሲ፣ እስከ 88,000 ዲ፣ እስከ 120,000 ኢ፣ እስከ 160,000 ኤፍ፣ እስከ 320,000 ጂ፣ ከዚያ በላይ ያለው ኤች ይሆናል። ከዲ ወደ ሲ መውረድ ከዓመቱ ሂሳብ አንድ ዘጠነኛውን ይቀንሳል። ዌልስ የምትጠቀመው የ2003ን ዋጋ ነው፤ ስኮትላንድም የራሷ ገማቾች ስላሏት እዚህ የተጻፈው በእንግሊዝ ላለ ቤት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ ምርመራው ባንድዎን ዝቅ ሊያደርግ፣ እንዳለ ሊተወው ወይም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስህተቱ የጎረቤቶችዎ ሆኖ ከተገኘም የእነርሱ ባንድ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ በሰፈር ውስጥ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ሁለት ማጣሪያዎችን አልፈው፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ብቻ ማመልከት ይበጃል እላለሁ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ንጽጽር ነው። በዚያው መንገድ ወይም በቅርብ አካባቢ ያሉ፣ በዕድሜ፣ በስፋት፣ በዓይነትና በአሠራር ከቤትዎ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ባንዳቸው ግን ዝቅ ያለ ቤቶችን ይፈልጉ፤ ማመልከቻው ላይ እስከ አምስት አድራሻ መዘርዘር ይቻላል። አንድ ጎረቤት ብቻ ዝቅ ብሎ ሌሎቹ ከእርስዎ ጋር እኩል ከሆኑ፣ የተሳሳተው የእርሱ ባንድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የመኝታ ክፍል ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ገማቾቹ የቤቱን ስፋት ለክተው ስለሚሠሩ ባለ ሦስት መኝታ የሆኑ ሁለት ቤቶች በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። ቤቱ በኋላ የተስፋፋ መሆን አለመሆኑንም ማጣራት ያሻል። ባለቤቱ ራሱ ቤቱን ቢያስፋፋ ባንዱ በአብዛኛው ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ አይጨምርም፤ እርስዎ ቀድሞ የተስፋፋ ቤት ከገዙ ግን ከፍ ያለ ባንድ ሊመጣብዎት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቅር ቢያሰኝም በሕጉ መሠረት ትክክል ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያ የ1991ን ዋጋ በግርድፉ ማስላት ነው። የእርስዎ ወይም መሰል ቤት የተሸጠበትን የቆየ ዋጋ ያግኙና ኔሽንዋይድ የተባለው የቤት ብድር ሰጪ ድርጅት ባዘጋጀው የቤት ዋጋ ማስሊያ ወደ 1991 መልሰው ይዩት። ለምሳሌ ባንድ ዲ ላለ ቤት ውጤቱ 60,000 ፓውንድ አካባቢ ከሆነ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው፤ 86,000 ከሆነ ጎረቤት ዝቅ ማለቱ ብዙም አያግዝዎትም፤ 95,000 ከሆነ ደግሞ ዝም ማለት ሳይሻል አይቀርም። ይህ ስሌት ግን ለራስዎ ውሳኔ እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ከእንዲህ ያለ ማስሊያም ሆነ ራይትሙቭና ዙፕላ ከተባሉት የቤት ሽያጭ ድረ ገጾች የተወሰደ አማካይ ዋጋ ተቀባይነት የለውም። ገማቹ የሚቀበለው ከኤፕሪል 1 ቀን 1989 እስከ ማርች 31 ቀን 1993 ባለው ጊዜ መሰል ቤት በተጨባጭ የተሸጠበትን ዋጋ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የላንድ ሬጅስትሪ (የመሬትና የቤት ባለቤትነት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት) የዋጋ ዝርዝር የሚጀምረው ከ1995 ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ቤት ገዝቶ እስካሁን እዚያው የሚኖር ጎረቤት ከማንኛውም ድረ ገጽ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

ማመልከቻው በሁለት መንገድ ይቀርባል። የቤቱን ካውንስል ታክስ መክፈል ከጀመሩ ስድስት ወር ካልሞላዎ መደበኛ ተቃውሞ የማቅረብ መብት አለዎት፤ ቫሉዌሽን ኦፊስ ባንዱን ከለወጠ ስድስት ወር ካላለፈ፣ ወይም የቤቱ ከፊል ፈርሶ ከሆነም እንዲሁ። ተከራይ ቢሆኑም ሂሳቡ የሚመጣው በስምዎ ከሆነ መብቱ የእርስዎ ነው። በዚህ መንገድ የተሰጠ ውሳኔ ካላረካዎ በሦስት ወር ውስጥ ቫሉዌሽን ትሪቡናል ለተባለው ራሱን የቻለ ይግባኝ ሰሚ አካል ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ትሪቡናሉ ክፍያ አይጠይቅም። ስድስት ወሩ ካለፈ የሚቀርዎት ባንዱ እንዲታይ መጠየቅ ነው፤ ይህም ጠንካራ ማስረጃ ይጠይቃል፣ በውጤቱም ላይ በመደበኛው መንገድ ይግባኝ አይባልም። አዲስ ቤት የገቡ ሰዎች ሳይዘናጉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ባንዳቸውን እንዲያዩ የምመክረው ለዚህ ነው።

ማመልከት በሁለቱም መንገድ ነጻ ስለሆነ፣ ከሚገኘው ተመላሽ ድርሻ ለሚጠይቅ ድርጅት መፈረም አያስፈልግም። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ በነባሩ ባንድ መክፈልዎን አያቋርጡ፤ ካቋረጡ ካውንስሉ እንደ ማንኛውም ውዝፍ ዕዳ ይከታተልዎታል። ባንዱ ዝቅ ካለ ካውንስሉ ሂሳቡን አስተካክሎ በትርፍ የከፈሉትን ይመልሳል፤ ተመላሹ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተሰላ ግን በአዲሱ ሂሳብ ላይ ራስዎ ያረጋግጡ።