ለውዱ ኮሌጅ ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። የሁለት የግል ኮሌጆች የክፍያ ዝርዝር ነው፤ ሁለቱም እዚሁ ሐዋሳ ናቸው፣ ትምህርቱም ያው አካውንቲንግ ነው። አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «የቱ ጋ ልመዝገብ?» አለችኝ። አክስቴ ቀደመችኝ፤ «ውድ ነገር መቼም በከንቱ አይወደድም!»

እኔ በውድ ተምሬ የተቃጠልኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም አላልኩም።

መጀመሪያ ካልኩሌተር አውጡ። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የክሬዲት ሰዓቱን (ኮርሶች የሚለኩበትን፣ ክፍያም የሚሰላበትን መለኪያ) ዋጋ ብቻ ነው። ማስላት ያለባችሁ ግን እስክትመረቁ የሚወጣውን ሁሉ ነው። እንበል ርካሹ በክሬዲት 400 ብር፣ ውዱ 700 ያስከፍላል፤ ትምህርቱ ደግሞ ወደ 140 ክሬዲት ነው። ልዩነቱ 42,000 ብር መጣ። የምዝገባው ልዩነት በሴሚስተር 500 ብር ከሆነ፣ በስምንት ሴሚስተር 4,000 ይጨመራል። 46,000 ብር። እስከዚህ አክስቴም ደነገጠች።

ግን አላለቀም። ልጅቷ የምትኖረው አቶቴ ነው። ውዱ ኮሌጅ በእግሯ ነው፤ ርካሹ ጋ ለመድረስ ሁለት ባጃጅ መቀየር አለባት። ደርሶ መልስ 40 ብር፣ በዓመት 150 ቀን፣ አራት ዓመት። 24,000 ብር! አክስቴ ካልኩሌተሩን ቀምታኝ ደገመችው፤ ያው ነው። 46,000 ያልነው ልዩነት 22,000 ሆኖ ቁጭ አለ። የናንተ ቁጥር ሌላ ይሆናል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ልዩነቱ ጭራሽ ይሰፋል፤ ብቻ ትራንስፖርቱን፣ የድጋሚ ፈተናውን፣ የመመረቂያውንና የገዋኑን ሁሉ አስገቡ። በየዓመቱ ክፍያ ይጨምሩ እንደሆነም ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ አስይዙ። በቃል «አይጨምርም» የሚባል ነገር ሁለተኛ ዓመት ላይ ይረሳል።

አሁን ወደ ዋናው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። መንግሥትም ሆነ የግል፣ ከ100 ቢያንስ 50 ካላመጣችሁ ዲግሪው አይሰጣችሁም፤ የፈለገ ብር ብትከፍሉ። ስለዚህ ኮሌጁን ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለዚህ ፈተና ነው የምትጠይቁት። አጠያየቁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ስንት ፐርሰንት አሳለፋችሁ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። «ባለፈው ዙር ከአካውንቲንግ ስንት ሰው ተፈተነ፣ ስንት አለፈ?» በሉ። ውዱ ጋ ስንሄድ ሬጅስትራሯ በኩራት «መቶ ከመቶ» አለችን። ስንት ሰው ተፈትኖ? ሦስት። ርካሹ ጋ 41 ተፈትነው 29 አልፈዋል፤ ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፣ ፀሐይ ቀለሙን አጥቦት ለማንበብ እንኳን ተቸግረን ነበር። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው።

ፈቃድ ሌላው ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በካምፓስና በትምህርት ክፍል ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ግቢ ዕውቅና ስላለው የሐዋሳው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ለነርሲንግ ያላቸው ለአካውንቲንግ ላይኖራቸው ይችላል። የማታ ወይም የርቀት ከሆነም ለብቻው ጠይቁ። ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ፣ ቀኑን እዩ፣ ከዚያ ራሱ ባለሥልጣኑ ጋ አጣሩ። ይሄ ካልተሟላ ስለ ዋጋ ማውራት ትርጉም የለውም።

ከዚያ ተጨማሪው ብር ምን እንደሚገዛላችሁ ፈልጉ። የኔ ነገር እንዲህ ነበር፦ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ አይቼ ተመዘገብኩ። ከሃያ ኮምፒውተር የሚሠራው ሰባት ነው። እሱስ ይሁን። የኮስት አካውንቲንግ አስተማሪያችን ጠዋት እኛ ጋ፣ ማታ ደግሞ ጓደኛዬ በግማሽ ዋጋ የሚማርበት ኮሌጅ ፓርታይም ያስተምር ነበር። ያው ሰው፣ ያው ሃንድአውት። አንድ ቀን የጓደኛዬን ደብተር ገልጬ ሳይ ቀልዱ ሳይቀር ያው ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ አስተማሪዎቹ ቋሚ ናቸው ወይስ ፓርታይም ብላችሁ ጠይቁ። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው አሳምሮ ይመልስላችኋል፤ እውነቱን የምታገኙት ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ነው። አሥር ሰዓት አካባቢ ሂዱ፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመቶችን ሻይ ጋብዙ። አስተማሪ ይቀራል ወይ? ላብ ይከፈታል ወይ? ለመውጫ ፈተናው ቱቶሪያል አለ፣ በነፃ ነው በክፍያ? ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

እንደ ትምህርቱም ይለያያል። ጤና የምትማሩ ከሆነ ተጨማሪ ክፍያው ሆስፒታል ገብታችሁ በደንብ እንድትለማመዱ ካደረገ፣ እኔ ብሆን እከፍላለሁ። ኮምፒውተርም የሚሠራ ላብ ካለው እንደዚያው። አካውንቲንግና ማኔጅመንት ላይ ግን ለሕንፃ ብዙ ብር መጨመር አይታየኝም። የባንክ ቅጥር ማስታወቂያ አንብቡ እስቲ፤ ብዙውን ጊዜ የሚለው «ከታወቀ የትምህርት ተቋም» ነው። የቅጥር ፈተናውን የምትፈተኑት ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ኮሌጁ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ርካሹ ጋ ተመዘገበች። አክስቴ ከተረፈው ላይ ቀንሳ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛችላት። አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለተኛውን ባጃጅ ስትጠብቅ ትደውልልኛለች፤ ልትሰድበኝ።